የጋብቻ ምስክር፤ ከመጋላ ሽማግሌ እስከ አሜሪካ ቆንሲል

አብርሃም ለልጁ ለይስሐቅ ሚስት እንዲያመጣለት ሎሌውን ወደ ዘመዶቹ አገር በላከ ጊዜ፥ መልእክተኛው ዐሥር ግመል ይዞ፥ የወርቅ ጌጥ ቋጥሮ፥ ከውኃው ጕድጓድ አጠገብ እንደ ደረሰ በኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 24 ተጽፎ ይገኛል። የርብቃ ቤተ ሰቦች መብል ቢያቀርቡለት ጉዳዩን ሳይናገር አልቀመሰም፤ ከማን ዘንድ እንደ መጣ፥ የጌታው ሀብት ምን ያህል እንደ ሆነ፥ በመንገድም ምን እንዳጋጠመው አንድ በአንድ አስረዳ። በመጨረሻ ብላቴናይቱን ጠርተው ከዚህ ሰው ጋር ለመሄድ ትወድ እንደ ሆነ ጠየቋት፤ እርስዋም ፈቃድዋን ገለጸች፤ መርቀውም ሰደዷት። እንግዲህ በዚያ ዘመን ሩቅ አገር ለምትሄድ ሙሽራ ሦስት ነገር ይበቃት ነበር፤ የመልእክተኛው ቃል፥ የወርቁ ምልክት፥ የራስዋም ፈቃድ።

በዘመናችን ከድሬዳዋ ከመጋላ ተነሥታ አሜሪካ ወዳለው ባልዋ ለመሄድ የተዘጋጀች ሴት፥ ወይም ሚስቱን ሊከተል የሚወድ ወንድ፥ ከነዚህ ሦስት ነገሮች ሌላ ብዙ ይጠየቃል። ሽማግሎች የመሰከሩለት፥ ካህን ወይም ቃዲ ያሰረው ጋብቻ፥ ተጋቢዎቹን ከዚያ በፊት አይቶ በማያውቅ በአንድ ቆንሲል ፊት እንደ ገና ይመረመራል። ይህ ልማድ ከየት እንደ መጣና እንዴት እንደ ጸና ታሪኩን መመርመር ይገባል፤ ነገሩ የተጋቢዎቹ ብቻ ሳይሆን ስለ ጋብቻቸው የሚመሰክሩት የካህናቱና የከተማው ሽማግሎችም ጉዳይ ነውና።

ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ 311 ኪሎ ሜትር ተጕዞ ከዚያ ሜዳ ላይ በደረሰ ጊዜ ነው። አስቀድሞ ሐዲዱ ሐረር ድረስ እንዲወጣ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን የተራራው ዳገት ሥራውን ስላከበደና ወጪውን ስላበዛ፥ ጣቢያው ከተራራው ግርጌ ቀረ። የደቻቱ ወንዝ ከተማይቱን ለሁለት ከፍሏት፥ በአንዱ ወገን የባቡሩ ኩባንያ በቀጥታ ጎዳና ያቀናው ከዚራ፥ በሌላው ወገን መጋላ ሆነ። መጋላ በኦሮምኛ ከተማ ማለት ነው። በመጋላ ኦሮሞው፥ ሶማሌው፥ ሐረሪው፥ አማራውና ጉራጌው፥ ከየመን የተሻገረው ዐረብ፥ ከሕንድ የመጣው ነጋዴ ጎን ለጎን ቤት ሠርተው፥ ከአንድ ገበያ እየሸመቱ አብረው ኖሩ።

ስለዚህ ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ከአገሩ ልጅ ጋር መጋባቱ ለመጋላ እንግዳ ነገር አልነበረም። በሙስሊሙ ዘንድ ቃዲው በምስክሮች ፊት ኒካሕ ያስራል፤ በክርስቲያኑ ዘንድ ሽማግሎች ተልከው ቃል ይቀበላሉ፥ ካህኑም በተክሊልና በቍርባን ያጋባል። ወረቀት ቢጻፍም ወረቀቱ የሰው ምስክርነት ተከታይ እንጂ መሪ አልነበረም። እገሌ የእገሊት ባል ለመሆኑ የሠርጉን ድንኳን የተከለው፥ ወጡን የሠራችው፥ በመልሱ ቀን የተቀመጠው ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። ጠብ ቢነሣም የሚጠራው መዝገብ ሳይሆን ሽማግሌ ነበረ።

የአሜሪካ መንግሥት መልእክተኛም ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዚህችው ከተማ በኩል ነው። ድሬዳዋ ከተቆረቆረች ገና አንድ ዓመት ያህል ሲሆናት፥ በ1896 ዓ.ም. ሮበርት ስኪነር የተባለው መልእክተኛ ከጅቡቲ በባቡር ተሳፍሮ ድሬዳዋ ወረደ፤ ከዚያ ወዲያ ሐዲድ ስላልነበረ በበቅሎና በግመል ወደ አዲስ አበባ ተጓዘ። ይህ ሰው በማርሴይ ከተማ የአገሩ ቆንሲል ነበረ። ታኅሣሥ 17 ቀን 1896 ዓ.ም. ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር በተፈራረመው ውል፥ የሁለቱ አገር ሰዎች የሚገኙበትን አገር ልማድ አክብረውና ለዳኛው ታዝዘው በሁለቱም አገር በነጻ እንዲዘዋወሩና እንዲነግዱ ተስማሙ። የአሜሪካም ሌጋሲዮን በ1901 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተከፈተ። አንባቢ ልብ ይበል፤ በዚያ ጊዜ በር አንኳኳው የአሜሪካው ቆንሲል ነበረ፥ ከፋቹም የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት።

ከዚህ በኋላ ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ የተሻገሩት ጥቂት ተማሪዎች ነበሩ። ከነዚህም አንዱ ዶክተር መላኩ በያን፥ በሐረር በራስ መኰንን ግቢ ያደጉ ናቸው። በ1914 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተሻግረው በኦሃዮ አገር በመስኪንገም ኮሌጅ፥ ኋላም በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተማሩ፤ በዚያም ዶሮቲ ሀድሊ የምትባለውን ጥቁር አሜሪካዊት አገቡ። የኢጣልያ ጦር ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ በሐኪምነት አገራቸውን አገለገሉ፤ ከዚያም ከሚስታቸውና ከልጃቸው ጋር ወደ አሜሪካ ተመልሰው፥ በ1929 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቋሙ፤ በ1932 ዓ.ም. እስኪሞቱም ድረስ የጥቁር ሕዝብን ልብ ወደ ኢትዮጵያ ለመሳብ ደከሙ። የዚህ ጋብቻ እውነተኛነት የታየው ባልና ሚስት በመከራ ጊዜ አብረው በመቆማቸው ነው። እንዲህ ያለውን ምስክር ግን የቆንሲል መዝገብ ሊይዘው አይችልም።

በነዚሁ ዓመታት በአሜሪካ ሌላ ነገር ይዘጋጅ ነበር። በግንቦት ወር 1916 ዓ.ም. የአገሩ ምክር ቤት ባወጣው ሕግ ለየአገሩ በየዓመቱ የሚገቡት ሰዎች ቍጥር ተወሰነ፤ ለኢትዮጵያም የተመደበው 100 ሰው ብቻ ነበረ። ከቍጥሩ ይልቅ ለኋላው ዘመን የከበደው ግን ሌላው የሕጉ ክፍል ነው። ለመኖር ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሰው፥ መርከብ ከመሳፈሩ በፊት በውጭ አገር ከተቀመጠ የአሜሪካ ቆንሲል ዘንድ ቀርቦ ቪዛ እንዲቀበል ግድ ሆነ። ከዚያ በፊት ዋናው ምርመራ በወደቡ ላይ ነበረ፤ ከዚህ ሕግ በኋላ ግን በሩ ወደየሰው አገር ተዛወረ። የአሜሪካዊ ሚስት ከቍጥሩ ውጭ እንድትገባ ሲፈቀድላት የአሜሪካዊት ባል ግን ይህ መብት አልተሰጠውም፤ ባልና ሚስት በዚህ ረገድ የተካከሉት በ1944 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ነው።

ጋብቻ ለቆንሲሎች ትልቅ ሥራ የሆነው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ነው። በእንግሊዝ አገር ሰፍረው የነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች ብዙ ሴቶችን አግብተው ስለ ነበረ፥ በታኅሣሥ ወር 1938 ዓ.ም. የወታደር ሚስቶችና ልጆች ከቍጥሩ ውጭ እንዲገቡ ለሦስት ዓመት የሚጸና ሕግ ወጣ፤ በሰኔም ወር ለታጩት ደግሞ ሌላ ሕግ ተጨመረ። ከእንግሊዝ ብቻ የሄዱት ሚስቶች ወደ 70 ሺህ እንደሚደርሱ ይገመታል። የመጀመሪያይቱ መርከብ አርጀንቲና 452 ሙሽሮችን ይዛ ጥር 18 ቀን 1938 ዓ.ም. ከሳውዝሃምፕተን ተነሣች፥ በ27ኛውም ቀን ኒው ዮርክ ደረሰች። እነዚህ ሴቶች ከመሳፈራቸው በፊት በቲድወርዝ የጦር ሰፈር ተሰብስበው ወረቀታቸውንና ጤናቸውን ተመርምረዋል። እንግዲህ የአሜሪካ ባልና ሚስት ምርመራ በድኻ አገር ሰው ላይ ብቻ የወረደ ነገር አይደለም፤ አንድ ቋንቋ የሚናገሩ የጦር ጓደኞችም አልፈውበታል።

ከነዚያ ሙሽሮች መካከል የአንዲቱ ነገር ለሕግ ሰዎች እስካሁን ምሳሌ ሆኖ ይነገራል። ኤለን ክናውፍ በጀርመን ተወልዳ፥ በጦርነቱ ጊዜ በእንግሊዝ አገር ለአየር ኀይሉ ያገለገለች፥ በኋላም በጀርመን አገር አንድ አሜሪካዊ ያገባች ሴት ናት። በ1940 ዓ.ም. መጨረሻ ኒው ዮርክ ስትደርስ ምክንያቱ ሳይነገራት በኤሊስ ደሴት ታገደች። ነገሩ እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደርሶ በጥር ወር 1942 ዓ.ም. ተፈረደባት፤ መንግሥት መግባትዋን ከከለከለ ዳኛ ሊመረምረው አይገባም ተባለ። ነገር ግን ጋዜጦችና የምክር ቤት ሰዎች ስለ ጮኹላት ጉዳይዋ እንደ ገና ተሰምቶ በ1944 ዓ.ም. ገባች። የዚያ ፍርድ ሐሳብ ግን አልተሻረም። በሰኔ ወር 2016 ዓ.ም. ያው ፍርድ ቤት፥ ባልዋ ቪዛ የተከለከለባት አንዲት አሜሪካዊት ባቀረበችው አቤቱታ ላይ ሲፈርድ፥ ዜግነት ያለው ሰው የባዕድ አገር ባሉን ወይም ሚስቱን ለማስገባት በሕገ መንግሥቱ የጸና መብት የለውም አለ። ስለዚህ በቆንሲሉ ፊት መቅረብ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከእርሱ ቃል በኋላ ይግባኝ የሚሰማ ዳኛ የለም ለማለት ጥቂት ቀርቶታልና።

ኢትዮጵያውያን ወደዚህ በር በብዛት የቀረቡት ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ነው። ብዙዎች በሱዳን በኩል ተሰደው፥ በ1972 ዓ.ም. በወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ገቡ፤ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ዲቪ የሚባለው ዕጣ ሌሎችን ወሰደ። የሄደው ወጣት ሥራ ይዞ ዜግነት ባገኘ ጊዜ፥ ለትዳር የሚያስበው የአገሩን ልጅ ነውና ወደ ሠፈሩ ተመልሶ ያገባል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው ሕግ የየአገሩን የቀድሞ ቍጥር ሽሮ ቤተ ሰብን ማገናኘትን ዋና መሠረት አድርጎት ነበር፤ በ1962 ዓ.ም. ደግሞ ለእጮኛ የተለየ ቪዛ ተሠራ። ነገር ግን ለመግባት ሲሉ በሐሰት የሚጋቡ ሰዎች አሉ ተብሎ፥ በኅዳር ወር 1979 ዓ.ም. ሌላ ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት ሁለት ዓመት ባልሞላው ጋብቻ የገባ ሰው ለሁለት ዓመት በፈተና ይቈያል፤ በሐሰት የተጋባ ደግሞ እስከ 5 ዓመት እሥራትና እስከ 250 ሺህ ዶላር መቀጫ ይጠብቀዋል።

እንግዲህ የመጋላዪቱ ሙሽራ የምትዘጋጀው ይህን ሁሉ ታሪክ ተሸክሞ ለመጣ ሥርዓት ነው። ባልዋ አስቀድሞ በአሜሪካ ለሚገኘው መሥሪያ ቤት ማመልከቻ ያገባል፤ ያም ሲጸድቅ ሚስቱን በመንግሥት ላይ ሸክም እንዳትሆን እንደሚያኖራት በፊርማው ዋስ ይሆናል፤ ገቢውም እንደ ደንቡ ከድህነት መለኪያው በመቶ 125 መድረስ አለበት። እርስዋም የልደት፥ የጋብቻና የፖሊስ ማስረጃ ታቀርባለች፤ ቀድሞ አግብታ ከሆነ የፍቺውን ወይም የሞቱን ወረቀት ትጨምራለች። ለሐኪም ምርመራና ለቃለ መጠይቅ ወደ አዲስ አበባ ትወጣለች። በ1909 ዓ.ም. ሐዲዱ አዲስ አበባ ከደረሰ ጀምሮ የመጋላ ሰው ጉዳዩን ይዞ ወደዚያ መውጣቱ የቈየ ልማድ ነው፤ ከታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር መንገደኛ መጫን ጀመረ። የአሜሪካ መንግሥት ትእዛዝ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ግን ትናንት የተከፈተው በር ዛሬ ሊዘጋ፥ የተዘጋውም ሊከፈት ይችላል።

በዚህ ዝግጅት ውስጥ እውነተኛውን ጋብቻ ሐሰተኛ የሚያስመስሉ ነገሮች አሉ፤ እነርሱም ከአገራችን ሥርዓት ልዩነት የሚመጡ ናቸው። የመጀመሪያው ስም ነው። ኢትዮጵያዊት ሴት ስታገባ የአባትዋን ስም አትለቅም፤ በአሜሪካ ልማድ ግን ብዙ ሚስቶች በባላቸው የቤተ ሰብ ስም ስለሚጠሩ፥ የስሙ መለያየት ለማያውቅ ሰው ጥርጥር ይሆናል። ጽጌ የሚለውም ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ፥ አንዱ ጸሓፊ በሁለት ፊደል የሚጀምረውን ሌላው በአንድ ይጀምረዋል፤ አንዲቱም ሴት በወረቀት ላይ ሁለት ሰው ትሆናለች።

ሁለተኛው የዘመን አቈጣጠር ነው። ሚያዝያ 22 ቀን 2015 ዓ.ም. የተፈጸመ ሠርግ በፈረንጅ ኤፕሪል 30 ቀን 2023 ነው። ቀኑን ሳያዛውር ቍጥሩን እንዳለ የገለበጠ ጸሓፊ፥ ባልና ሚስቱን ከተዋወቁበት ዘመን በፊት ያጋባቸዋል። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ በቀጠሮው ወረቀት 7 ሰዓት ተኩል የተባለው በእኛ ጧት 1 ሰዓት ተኩል ነውና፥ ያላስተዋለ ከቀትር በኋላ መጥቶ በሩን ተዘግቶ ያገኘዋል።

ሦስተኛው የጾሙ ሥርዓት ነው። ከሥራው የጥቂት ሳምንት ፈቃድ ብቻ ያገኘ ባል፥ በዐቢይ ጾም ሠርግ ስለማይደረግ፥ ሽምግልናውን፥ ሠርጉንና መልሱን በጥር ወይም ከፋሲካ በኋላ ባሉት ቀኖች አጣድፎ ይፈጽማል። ይህን የማያውቅ መርማሪ ችኰላውን ከተንኰል ይቈጥረዋል፤ የሚያውቀው ካህን ግን ሰው የቤተ ክርስቲያኑን ሥርዓት ለመጠበቅ እንደ ተጣደፈ ይረዳዋል። ስለዚህ የሚዘጋጅ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሳይፈራ በግልጥ ሊያስረዳ ይገባዋል።

በቃለ መጠይቁ የሚነሡት ጥያቄዎች ግን፥ ሲመረመሩ፥ ለመጋላ ሽማግሌ እንግዳ አይደሉም። ማን አስተዋወቃችሁ፤ ምን ያህል ጊዜ ተያያችሁ፤ ሥራው ምንድር ነው፤ የት ይኖራል፤ ከዚህ በፊት አግብቶ ነበርን፤ ልጅ አለውን፤ ከወላጆቹ በሠርጉ የተገኘ ማን ነው፤ ተለያይታችሁ ሳላችሁ በምን ትነጋገራላችሁ? የልጅቱ አባት የወንዱን ሽማግሎች ከደጅ አስቁሞ የሚጠይቀው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ልዩነቱ ሽማግሌው ለነገ ቀጥሮ፥ ዘር ቈጥሮ፥ ጎረቤት ጠይቆ የሚደርስበትን፥ ቆንሲሉ በመስኮት በኩል በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መጨረስ ስላለበት ነው። ሽማግሌው ሰው አይቶ ወረቀትን ያምናል፤ ቆንሲሉ ወረቀት አይቶ ሰውን ያምናል። ስለዚህ ባልና ሚስት መልስ በቃል አጥንተው እንደ ድጓ ተማሪ እንዲያዜሙ አያስፈልግም፤ የተጠና መልስ ከእውነት ይልቅ ሐሰትን ይመስላልና። የሚያስፈልገው የኖሩትን ማስታወስ፥ ያስታወሱትንም ከወረቀቱ ጋር ማስማማት ነው።

ወረቀቱ እውነተኛ እንዲሆን የሚያደርጉት ግን ተጋቢዎቹ ብቻ አይደሉም። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 24 ስለ ማጨትና ስለ ጋብቻ ሲደነግግ የሁለቱን ፈቃድ ይጠብቃል፥ የማይገባውን የሥጋ ዝምድናም ይከለክላል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በመንግሥት ሹም፥ በሃይማኖት፥ በባህልም የተፈጸመውን ጋብቻ ተቀበለ፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣውና በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ሦስቱንም አጽንቶ፥ በየትኛውም ሥርዓት ይፈጸም ጋብቻ ሁሉ በክብር መዝገብ ሹም ዘንድ እንዲመዘገብ አዘዘ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባም በ2008 ዓ.ም. በአገሪቱ ተጀመረ። ከዚያ በፊት ያገቡ ሰዎች ግን አብዛኞቹ ምስክራቸው ሰው ነው፤ ሰውም ያልፋል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ነፍስ ባጠፋ ጊዜ፥ ቤት ከነዕቃው ሄዷል፤ ባልም ምስክርም በአንድ ሌሊት ያጡ ነበሩ። በመዝገብ ያልተጻፈ ጋብቻ በእንዲህ ያለ ቀን ከማን አፍ ይመሰከራል?

ስለዚህ የነገሩ ፍጻሜ ወደ ደብሩ ጽሕፈት ቤትና ወደ ሠፈሩ ሽማግሎች ይመለሳል። ለዘመዱ አዝኖ ያልተፈጸመን ሠርግ ተፈጸመ ብሎ ማኅተም የሚያሳርፍ፥ ወይም ቀኑን ለማመቻቸት ወደ ኋላ ገፍቶ የሚጽፍ ሰው፥ ለአንዱ ቸርነት ያደረገ ይመስለዋል። ነገር ግን ያ ሐሰት በተገለጠ ጊዜ፥ ከዚያው ደብር የወጣው እውነተኛ ወረቀት ሁሉ ይጠረጠራል፤ በተክሊል ያገባች፥ ልጅ ታቅፋ ባልዋን ዓመታት የጠበቀች ሴት፥ በማታውቀው ሰው በደል በመስኮቱ ፊት አንገትዋን ደፍታ ትመለሳለች። ይህ ከወንድም ላይ ሚስትን እንደ መቀማት ይቈጠራል።

በቅኔ ቤት ሰም ለብቻው፥ ወርቅ ለብቻው አይነገርም፤ ሰሙ የተበላሸ እንደ ሆነ ወርቁ ቢኖርም አይወጣም። በጋብቻም ነገር ወርቁ የሁለቱ ፈቃድና የእግዚአብሔር በረከት ነው፤ ወረቀቱ ሰም ነው። ርብቃን የሸኙት ቤተ ሰቦች ወርቁን በዓይናቸው ስላዩ ሌላ አልፈለጉም። ከመጋላ የምትሄደውን ሙሽራ የሚሸኛት ካህን ግን፥ በመስኮቱ ማዶ የሚቀመጠው ሰው ወርቁን ሊያይ የሚችለው እርሱ በጻፈው በኩል ብቻ መሆኑን አውቆ፥ ስሟን በአንድ ፊደል፥ ቀኑን በሁለት አቈጣጠር፥ ምስክሮቹንም በእውነት ይጻፍላት። ከዚያ በኋላ ምርቃቱን ይጨምርላት።